መርጫው ይሆን? ስለ አባባ እጅ ጠይቄ የተመለሰልኝ

ጥያቄውን የለጠፍኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የወሎ ልጆች በምንሰባሰብበት የውይይት መድረክ ላይ እኔ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ያን ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የጻፍኩት ባጭሩ ይህ ነው። አባቴ መርሳ አጠገብ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያለማ የኖረ ገበሬ ነው። ዕድሜው 67 ሆኗል። ከአራት ዓመት በፊት የቀኝ እጁ አውራ ጣት ከሌባ ጣቱ ጋር መፋተግ ጀመረ። ላየው ተስቢህ የሚቆጥር ነው የሚመስለው። ሰው ሲያዋራም፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥም ጣቱ አያርፍም። ጎረቤቱ ሁሉ ሰውየው ዚክር አብዝቷል እያለ ያከብረው ጀመር። አንድ ቀን እናቴ ቀና ስትል ተስቢሁ ግድግዳው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የአባባ ጣት ግን ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪም ዘንድ የወሰድነው። ፓርኪንሰን ነው ተባለ።

ጥያቄዬ አንድ ነበር። አባባ ከ20 ዓመት በላይ በጀርባው መርጫ ተሸክሞ ኬሚካል ረጭቷል። ጓንት የለ፣ ጭንብል የለ። የመርጫው ጫፍ ሲደፈን በአፉ እፍ ብሎ ነው የሚከፍተው። በሽታውን ያመጣበት ይሄ ይሆን?

ከጥያቄዬ ሥር የተቀጠለው የመልስ ክር አሁን 31 መልስ ደርሷል። ከላይ እስከ ታች ማንበብ የሰለቻችሁ ጠቅለል አድርገህ ንገረን ስላላችሁኝ በቁጥራቸው እየተከተልኩ እነግራችኋለሁ። የሰውን ቃል ግን አልገለብጥም። አንዳንዱ ቢቀር ይሻላል።

1 እና 2 ዱዓና ጸሎት ናቸው። አንዱ ከአላህ አፊያ ለመነልን፤ ሌላዋ ለግሸን ማርያም ተሳለችልን። እኛ ዘንድ ወሬ የሚጀመረው እንዲህ ነው። ኋላ የመጣውን ጭቅጭቅ ሳይ ይህን መነሻ ደጋግሜ አስታወስኩት።

3ኛው መልስ ደሴ ከምትሠራ ነርስ መጣ። ሲስተር እያልን ነው የጨረስነው፣ እኔም እንደዚያው ልጥራት። አንጎል ውስጥ ጠቆር ያለች ትንሽ ቦታ እንዳለች፣ እዚያ ያሉት ሴሎች ዶፓሚን የሚባል ነገር እንደሚያመነጩ፣ ሰውነታችን እንደልቡ የሚታዘዘን በእሱ እንደሆነ አስረዳች። ሴሎቹ ቀስ እያሉ ይሞታሉ። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግማሽ ያህሎቹ ወይም ከዚያ በላይ አልቀዋል። ስለዚህ የበሽታውን መነሻ የምንፈልግ ከሆነ ከአራት ዓመት በፊት ሳይሆን ከአሥርና ከዚያም በላይ ዓመት በፊት ያለውን ነው ማየት ያለብን አለች። ከዚያ ከመንቀጥቀጡ ቀድመው ሊመጡ ስለሚችሉ ሦስት ምልክቶች ጠየቀችኝ። ሆዱ ይደርቅ ነበር ወይ? በእንቅልፍ ልቡ ይራገጥ፣ ይጮህ ነበር ወይ? ሽታስ ጠፍቶበት ነበር ወይ?

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ እጄ ስልኩ ላይ ቀረ። 4ኛው መልስ የእኔ ነው። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል። እናቴ ቡና እየቆላች ጎረቤት ጠርቷት ብድግ አለች። አባባ ከምድጃው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጧል። ስትመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ ምጣዱ ላይ ያለው ቡና ከሰል ሆኗል፣ እሱ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ከብት ያያል። እዚያው ቁጭ ብለህ እንዴት አይሸትህም ብላ ለአንድ ሳምንት ያህል ጨቀጨቀችው። እሱም ሐሳብ ይዞኝ ነው አለ። እኛም አመንነው።

5ኛው መልስ ጨዋ ሰው የጻፈው ተቃውሞ ነው። ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለው የለንደን ሐኪም በሽታውን የጻፈው በ1817 እ.ኤ.አ. እንደሆነ፣ ያኔ ደግሞ ዛሬ የምንረጨው አንዱም እንዳልነበረ አስታወሰ። ከሁሉ የሚበልጠው መንስኤ ዕድሜ ነው፤ ሰው ረጅም መኖር ሲጀምር በሽታውም በዛ ይላል። እኔ ይህን ክርክር ወድጄዋለሁ። 6ኛው ግን አልለቀቀውም። ቀድሞም መኖሩ ዛሬ የሚጨምረው ነገር የለም ማለት አይደለም ብሎ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ሕሙማኑን ከ8.5 ሚሊዮን በላይ አድርጎ መገመቱን ጠቀሰ። የለንደንም አየር ያኔ የከሰል ጭስ እንደነበር ጨመረበት። ይህችኛዋን እንኳ ለማሸነፍ ያህል ነው ያመጣት።

7ኛው የደላንታ ልጅ ነው። እነሱ አገር ሰው እግሩን የሚይዘው ጓያ ሲበላ ስለሆነ፣ የአባባም ነገር ከጓያ ሳይሆን አይቀርም አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በድርቁ ጊዜ ከጓያ ሌላ የሚበላ ጠፍቶ፣ የጎረቤታቸው ልጅ በአንድ ክረምት በምርኩዝ መሄድ እንደጀመረ ተረከ። ሲያነቡት ሆድ ይበላል።

8ኛው ላይ አንድ የነርቭ ሐኪም ገቡ። ዶክተሩ ወሎዬ ናቸው፤ አሁን አዲስ አበባ ነው የሚሠሩት። የደላንታውን ልጅ በአክብሮት አረሙት። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ የሚጎዳው እግርን የሚያዙትን ነርቮች ነው። እግር ይገተራል፣ ሰውየው በጣቱ ጫፍ እየተጣመረ ይሄዳል፤ እጅ ግን እንዲህ አይቆጥርም፣ ፊትም አይደርቅም። አብዛኛውን ጊዜ ወጣቱን ነው የሚመታው፤ አንዴ ከመታ በኋላም እንደ ፓርኪንሰን ዓመት በዓመት እየገፋ አይሄድም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው አሉ፦ ከአካባቢ የሚገባ ነገር ለይቶ የተወሰኑ ነርቮችን ሊገድል መቻሉ።

9ኛውም የእሳቸው ነው፤ ክሩን ያቃናውም እሱ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጣቶች እንደ ሐውልት ደርቀው ሆስፒታል ገቡ። መናገር የለ፣ መንቀሳቀስ የለ። አዛውንት ላይ የሚታየው የፓርኪንሰን ምልክት ነው፣ እነሱ ግን ገና ወጣቶች ናቸው። ዊሊያም ላንግስተን የሚባል የነርቭ ሐኪም ነገሩን ሲከታተል ሁሉም ጓዳ ውስጥ የተቀመመ፣ ሄሮይን የሚመስል ዕፅ በመርፌ ወስደው ተገኙ። ቅመማው ተበላሽቶ ኤምፒቲፒ የሚባል ነገር ገብቶበታል። ይህ ነገር አንጎል ሲደርስ ተለውጦ እነዚያኑ የዶፓሚን ሴሎች ይገድላል። ሴሉ ኃይል የሚያመርትበትን ቦታ ነው የሚዘጋው፤ ምድጃውን ያጠፋበታል። የፓርኪንሰን መድኃኒት ሲሰጣቸው መንቀሳቀስ ቻሉ። ከውጭ የገባ ኬሚካል ብቻውን ይህን ማድረግ እንደሚችል ዓለም ያየው በእነዚያ ልጆች ነው።

አሁን ወደ ማሳው ልምጣ አሉ ዶክተሩ። አንጎል ውስጥ የተለወጠው ያ መርዝ ፓራኳት ከሚባለው ፀረ አረም ጋር በቅርጽ ወንድማማች ይመስላል። ገበያ ላይ ግራሞክሶን በሚል ስም ይታወቃል። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ፓራኳት ወይም ሮቴኖን የሚባለውን ፀረ ተባይ የተጠቀሙ ሰዎች በፓርኪንሰን የመያዝ ነገራቸው ካልተጠቀሙት ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኖ እንዳገኘው ጻፉ። ወዲያው ግን ልጓም አበጁለት። ከትንሽ ቁጥር ላይ ሁለት ተኩል እጥፍ ማለት አብዛኛው ረጪ አይታመምም ማለት ነው። ስለ ብዙ ሰው የሚያወራ ጥናት ስለ አንድ ሰው አይፈርድም። የአባትህን ከምን እንደመጣ እኔ ቀርቶ ማንም ሊነግርህ አይችልም አሉኝ። ያቺን መስመር ያን ቀን አልወደድኳትም።

10ኛው ላይ ነገር ተበላሸ። አንድ የቆቦ ገበሬ ገባ፣ ተቆጥቶ ነው የገባው። ደሴ ተቀምጠን በስልክ ገበሬ እንደምናስፈራራ፣ ሽንኩርት ሳይረጭ አንድ ሳምንት ቢያድር ተባዩ ቅጠሉን መጥጦ ብር እንደሚያስመስለው፣ በ2013 መግቢያ ላይ አንበጣ ሰማዩን ሲሸፍነው ያተረፈንን ያተረፈልን ርጭት እንደሆነ ደረደረ። የእሱ አባት 30 ዓመት ረጭተው ዛሬ በ80 ዓመታቸው መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን አባቴን ምክንያት አድርጌ ካሳ የምፈልግ ሰው እንደመሰልኩት ጨመረበት።

አሥር ጊዜ ጽፌ አሥር ጊዜ አጠፋሁ። በመጨረሻ 11ኛውን ለጠፍኩ። ካሳ የምጠይቀው ሰው እንደሌለ፣ ካለም እሱ እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። መርጫውን የገዛሁት እኔ ነኝ። በ1996 ዓ.ም. የመጀመሪያ ደሞዜን እንደተቀበልኩ፣ እዚህ ደሴ፣ ሰማያዊ፣ ባለ 16 ሊትር። አባባ እስከዚያ ድረስ ከጎረቤት ነበር የሚዋሰው። አውቶብስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ስወስድለት እናቴ እልል አለች። በየዓመቱ ኬሚካሉንም እኔው ነበርኩ የምልክለት። ጓንት የሚባል ነገር ባለ ሱቁም አላነሳልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚህ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረችው ቨርጂኒያ የምትኖር የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ 12ኛዋ። እነሱ አገር ነገሩ በጀርባ መርጫ ሳይሆን በቧንቧ ውሃ እንደመጣ ጻፈች። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ካምፕ ለጁን የሚባል የባሕር ኃይል ወታደሮች ሰፈር አለ። የመጠጥ ውሃው ለዓመታት በትራይክሎሮኢቲሊን ተበክሎ ነበር፤ የብረት ቅባት ለማስለቀቅና ለደረቅ እጥበት ይውል የነበረ ፈሳሽ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እዚያ የኖሩትን ወታደሮች ካልተበከለ ሰፈር ወታደሮች ጋር ሲያስተያይ በሽታው በ70 በመቶ በልጦ ተገኘ። ወታደሮቹ እዚያ የነበሩት ከ1975 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ወጣት ሆነው የጠጡት ሽማግሌ ሲሆኑ ወጣ። እሷ ራሷ ላውንደሪ ቤት ስድስት ዓመት ስለሠራች ነው ይህን ሁሉ ያነበበችው። መጨረሻ ላይ ማታ ማታ እጇን ዘርግታ እንደምታይ ነገረችን።

13ኛው በያጅ ነው፣ አጭር። የብየዳ ጭስ ይነካል ወይ? 14ኛው ላይ ዶክተሩ መለሱ። ጭሱ ውስጥ ማንጋኒዝ አለ። በ1837 እ.ኤ.አ. ጆን ኩፐር የተባለ ሐኪም ስኮትላንድ ውስጥ የማንጋኒዝ ድንጋይ የሚፈጩ ሠራተኞች ሲደነዝዙና ሲንገዳገዱ አይቶ ጽፏል። ይሁን እንጂ ያ በሽታ የፓርኪንሰን ዘመድ እንጂ ራሱ አይደለም። አንጎል ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ሌላ ነው፣ በሽተኛው እንደ ዶሮ በጣቱ ይራመዳል፣ የፓርኪንሰኑ መድኃኒትም እምብዛም አይረዳውም። ተራ በያጅ ሁሉ ለፓርኪንሰን ይጋለጣል ወይ ለሚለው ጥናቶቹ አልተስማሙም። በሩን ከፍቶ፣ ከተቻለም ደጅ ወጥቶ መበየድን መከሩት። አፍ ላይ የሚጠመጠመው ሻርፕ ጭሱን አይከለክልም።

15ኛው ሁሉንም ነገር ቦርከና ላይ ደፈደፈው። ከፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ወንዙን አበላሽቶ አገሩን ሁሉ እያንቀጠቀጠ ነው ባይ ነው። 16ኛው ግን ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ቦርከና ቁልቁል ወደ አዋሽ እንጂ ሽቅብ ወደ መርሳ እንደማይፈስ አስታወሰው። ከቆዳ ፋብሪካ የሚፈራው ክሮሚየም ደግሞ የራሱ ጉዳት አለው፣ የፓርኪንሰን ጥናቶች የሚያወሩት ግን ስለ እሱ አይደለም። ወንዙ እንዲጸዳ የምንጮህ ከሆነ በማይመለከተው በሽታ አንጩህ፣ የኋላ ኋላ እውነተኛውንም አቤቱታ ያስንቅብናል አለ። ከ31ዱ መልሶች በጣም የበሰለው ይህ ሳይሆን አይቀርም። አንድም ሰው አልወደደለትም።

17ኛው የሐይቅ ልጅ ነው። ዶክተሩ 9ኛው ላይ ሮቴኖን ሲሉ የማያውቀው ስም መስሎት እንደነበር፣ ኋላ ግን ሲያነብ ከብርብራ ጋር እንደተገናኘበት ጻፈ። ልጆች ሆነው የብርብራን ፍሬ በድንጋይ ወቅጠው፣ ወንዙን በድንጋይና በሣር ገድበው ይጨምሩታል። ትንሽ ቆይቶ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ሰክሯል ይላሉ። ለካ ያሰከረው ሮቴኖን ነው፤ ብርብራ ፍሬው ውስጥ ያለው እሱ ነው። ዓሣውንም የሚገድለው ኤምፒቲፒ የካሊፎርኒያዎቹን ልጆች ባደረቀበት መንገድ ነው፣ የሴሉን ምድጃ አጥፍቶ። በ2000 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሮቴኖንን ለአይጦች ለሳምንታት ሲሰጧቸው የፓርኪንሰን ምልክት አወጡ።

ይህ መልስ ክሩን አነቃቃው። 18ኛው ቶሎ ደነገጠ፤ በልጅነቱ የበላውን ዓሣ ሁሉ መቁጠር ጀመረ። ሲስተር በ19ኛው አረጋጋችው። ሮቴኖን ፀሐይና አየር ሲያገኘው ቶሎ ይፈርሳል። በዓመት አንድ ቀን ወንዝ መውረድና ማሳ ላይ ለዓመታት መርጨት አንድ አይደለም። ግን የተፈጥሮ ነው ተብሎ ብቻ አይጎዳም የሚባል ነገር እንደሌለ አስምራ ጻፈች። እሷም ይህን ለመናገር ቀን ስትጠብቅ የኖረች ይመስለኛል።

20ኛው የቡና ነው፤ እንዴት ሳይመጣ ይቀራል? ሆኖሉሉ ውስጥ ከ8,000 በላይ ወንዶችን ለ30 ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት በ2000 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ቡና የሚጠጡት በበሽታው የተያዙት ከማይጠጡት ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ወሎዬ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ይዳን አለ። እኔ 21ኛው ላይ አባባ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሦስቱም ሦስት ሦስት ሲኒ እንደሚጠጣ ነገርኩት። ሳቅ የሚያሳይ ምልክት ብቻ ልኮ ጠፋ። ሲጋራ አጫሾችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፣ ግን ስለ እሱ ዶክተሩ አስቀድመው አስጠንቅቀውናልና አላነሳውም።

22ኛው ላይ የቆቦው ገበሬ ተመለሰ። ስለ ካሳው ይቅርታ የሚል ቃል የለም። የዘንድሮ ሽንኩርት ስንት እየተሸጠ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኛ አገር ይቅርታ አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚመጣው። የሰማሁትን ነገርኩት። 23ኛውና 24ኛው ደላላ የሚያማርሩ ናቸው፤ ከፓርኪንሰን ጋር ምንም የላቸውም። አወያዩ ወደ ጉዳያችን ብሎ መለሰን።

ባይመልሰን ይሻል ነበር። 25ኛው ሰው ይህ በሽታ ሲህር እንደሆነ፣ ኪኒኑን ጥሎ አዋቂ ዘንድ መሄድ እንዳለበት ጻፈ። 26ኛው ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ከመሃይምም በታች አድርጎ ሰደበው፤ እናቱን ጭምር። ስድቡን አወያዩ አንስቶታል፣ እኔም አልደግመውም። 27ኛዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፣ በልጃቸው ስልክ ነው የሚጽፉት። ባላቸው ዘጠኝ ዓመት የዚህ በሽታ ሕመምተኛ ናቸው። ጠበሉንም ኪኒኑንም ይወስዳሉ። አንዱ ሌላውን አላጣላም አሉ። ጠብ ያለው ከምግቡ ጋር ነው። ሌቮዶፓ የሚባለው የፓርኪንሰን ኪኒን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከሽሮ ጋር ሲገጥም መንገዱ ይዘጋበታል። ስለዚህ ምግብ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት በባዶ ሆድ ይሰጧቸዋል። አንድ ጊዜ ከተማው ውስጥ መድኃኒቱ ጠፍቶ ለቀናት ተቋርጦባቸው ሰውየው እንደ እንጨት ደርቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳያልቅ በፊት ነው የሚፈልጉት። 25ኛውን ሰው ልጄ ብለው ጠርተው፣ ዱዓውን አትከልክሉ፣ ኪኒኑን ግን ጣሉ እንዳትል ብለው ለመኑት። ሁለቱም ዝም አሉ። እኔ ሴትየዋን ባገኛቸው ጉልበታቸውን እስማለሁ።

28ኛው ባቄላ እሸት ውስጥ ራሱ ሌቮዶፓ አለ ብሎ መጣ። እውነት ነው፤ ሲስተርም አልካደችም። ግን በአንድ እፍኝ እሸት ውስጥ ስንት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ከኪኒኑ ላይ ሲደረብ ሰውየው ያለ ፈቃዱ እንዲወራጭ ሊያደርገው ይችላል። ደማቸው ባቄላ የማይቀበል ሰዎችም አሉ። እሸት መብላት ይችላል፣ መድኃኒት ብሎ ግን አይብላው አለች። አባባ በዚህ ቅር ብሎታል።

29ኛው ከበሽታው ምክንያት ጋር አይያያዝም፣ ግን ለእኔ የጠቀመኝ እሱ ነው። አንዲት የደሴ ልጅ አጎቷ በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ላይ እንደሚጣበቅ፣ ጎትተው ሊያሻግሯቸው ሲሞክሩ እንደሚወድቁ ጻፈች። አንድ ቀን ጎረቤት መንዙማ ሲባል ድቤው ተሰማ። ሰውየው በድቤው ምት እግራቸውን አንስተው ደፉን ተሻገሩ። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ሲደርሱ እሷ ታጨበጭባለች። ዶክተሩም ምትና መሬት ላይ የተሰመረ መስመር የተቆለፈውን እግር እንደሚያስነሣ፣ በሕክምናም እንደሚሠራበት አከሉበት።

ባለፈው ቅዳሜ መርሳ ወርጄ ሞከርኩት። ከእልፍኙ በር ፊት በከሰል ሦስት መስመር አሰመርኩ። አባባ እንደ ልማዱ መጥቶ ቆመ። ትከሻው ወደፊት ሄደ፣ እግሩ ቀረ። መስመሩን ተሻገረው አልኩት። ቁልቁል አየና ቦይ እንደሚዘል ሰው አንስቶ ተሻገረ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ ዞሮ፣ ወለሉን በከሰል አበላሸኸው ብሎ ተቆጣኝ።

30ኛው ከፈረንሳይ ነው። እዚያ አገር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ 10 ዓመት ኬሚካል ሲጠቀም የኖረ ገበሬ ፓርኪንሰን ከያዘው በሽታው ከሥራው የመጣ ተብሎ እንደሚታወቅለት ጻፈ። ፓራኳት ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ እንግሊዝ አገር ያለ ፋብሪካ ግን ከዚያም በኋላ ለሌላው ዓለም እያመረተ ይልክ ነበር። ከዚህ በታች የጻፈውን ቁጣ መገመት ትችላላችሁ። የቆቦው ገበሬ ወደደለት።

31ኛውን የጻፈ ሰው ስሙን ለውጧል፣ እኔ ግን በሁለተኛው መስመር ላይ ለየሁት። ታናሽ ወንድሜ ነው። ማሳውን አሁን የያዘው እሱ ነው፣ መርጫውንም። ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያነብ ሰንብቷል። በ1996 ዓ.ም. ማንም የሚያውቅ ስላልነበረ እኔ ጥፋተኛ እንዳልሆንኩ ጻፈልኝ። እሱም አስተዛዝኖኝ ሲያበቃ ወደ ሥራው ገባ። አባባ እፍ የሚልበትን ጫፍ አሁን በቀጭን የመጥረጊያ እንጨት ነው የሚከፍተው። ነፋስ ሲኖር አይረጭም። ችግሩ ጀርባው ላይ ነው። የታንኩ ክዳን ጎሚኒ ስላለቀ ሲያጎነብስ ፈሳሹ በማንገቻው በኩል እየወረደ ሸሚዙን ያረጥበዋል። መርሳ ገበያ ልኩን አጥቶታል። ደሴ ካለ የስፋቱን መጠን ጽፎልኛል፣ አራት ጣት ተኩል።

አራት ጣት ተኩል የሚባል ጎሚኒ የለም። ደወልኩለትና ክዳኑን ወረቀት ላይ አስቀምጦ በእርሳስ እንዲያዞርበት፣ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ጓንቱንና ጭንብሉን ገዝቻለሁ። ፎቶው ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፣ ከሰዓት በኋላ ሱቅ እዞራለሁ። ነገ በመጀመሪያው የወልዲያ መኪና ይሄዳል።